ስለ ማገዶው እንነጋገር

ስብሰባው የተጠራው ለሦስት ሰዓት ነበር፤ የተጀመረው አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ቦታው ሸርቆሌ፣ ከአሶሳ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሱዳን ድንበር ተጉዘው የሚያገኙት የስደተኞች ጣቢያ አጠገብ ነው። ቆርቆሮ በለበሰው አዳራሽ ውስጥ «የሰላምና የአብሮነት የምክክር መድረክ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ከፊት የታሸገ ውሃ የተደረደረበት ጠረጴዛ አለ፤ ከኋላ ውሃው ያልደረሳቸው ሰዎች አሉ። በአንድ ወገን የበርታ ሽማግሌዎች፣ በሌላ ወገን ከአሶሳ ዙሪያ የሰፈራ መንደሮች የመጡ ገበሬዎች፣ በሦስተኛው ወገን ስደተኞቹ ተቀምጠዋል። እንዲህ ተቀመጡ ያላቸው የለም፤ እግራቸው ነው የመራቸው።

መድረኩን የሚመራው ሰው ንግግሩን የጀመረው ከነጃሺ ነው። የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አክሱም ምድር መሰደዳቸውን፣ ንጉሡም አሳልፌ አልሰጥም ማለቱን ተረከልን። ከዚያ ወደ እንግዳ ተቀባይነታችን አለፈ፤ ከእንግዳ ተቀባይነታችን ወደ መቻቻል፣ ከመቻቻል ወደ ልማት። አንድ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ «አስተያየት ካለ» ተባለ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ተነሡ። በበርታ ቋንቋ ነው የተናገሩት፤ አንድ ወጣት አስተረጎመልን። «እኔ የምጠይቀው ስለ ማገዶ ነው» አሉ። «ልጅ ሆኜ እንጨት የምለቅመው ከቤቴ ጓሮ ነበር። ዛሬ ግማሽ ቀን እሄዳለሁ። ያችም» አሉና ከስደተኞቹ ወገን ወደተቀመጠች ሴት ጠቆሙ፤ «ያችም ግማሽ ቀን ትሄዳለች። መንገድ ላይ እንገናኛለን፤ ሰላም አንባባልም። አንድ ቀን ገመዷን ቀምቻታለሁ፤ ሌላ ቀን የእሷ ሰዎች የእኔን ልጅ አባረውብኛል። ይህን የሚፈታልን ማነው?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚሰማው ነገር ተነገረ። መሪው ሰዓቱን አየ። «እናቴ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከዛሬው አጀንዳ ውጭ ነው። በጽሑፍ ቢያቀርቡልን» አላቸው። እኚህ ሴት ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ተቀመጡ። ከዚያ ምሳ ተበላ፤ አበል ተከፈለ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን።

ይህ ጽሑፍ ለሴትዮዋ ጥያቄ መልስ አይሰጥም፤ መልሱን አላውቀውምና። የተጻፈው «ከአጀንዳው ውጭ ነው» የሚለውን ቃል ለመሟገት ነው። እኔ የምለው አጀንዳው እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ መግቢያ ነው። በመግቢያ ብቻ ስንነጋገር ደግሞ ብዙ ዘመን አለፈ።

* * *

መቼም ስለ ስደተኛና ስለ ባላገር፣ ስለ መጤና ስለ ነባር ሲነሣ በሀገራችን የሚሰማው ቋንቋ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የስብከት ቋንቋ ነው፤ «እኛ እኮ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሣ ቅሬታ ሁሉ እንደ ባለጌነት ይቆጠርበታል። ሁለተኛው የዱላ ቋንቋ ነው፤ «መጤው ይውጣልን» ይላል። የሚገርመው ሁለቱ ቋንቋዎች ጠላት መስለው ሲታዩ በተግባር ግን የሚደጋገፉ መሆናቸው ነው። ሰባኪው አፍ ያስይዛል፤ አፉ የተያዘው ሰው ዱላ ያነሣል፤ ዱላው ያስደነገጠው ሰባኪ ደግሞ ሌላ ስብሰባ ይጠራል። አበው «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው» ያሉት ክፉ ሆነው አይደለም። የእንግድነት ዕድሜ አጭር መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ሌላ ስምና ሌላ ደንብ እንደሚያስፈልገው ስለሚያውቁ ነው። እኛ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ያለፈውን ነገር ዛሬም እንግድነት እንለዋለን።

የሸርቆሌ ጣቢያ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. አካባቢ፣ በድንበሩ ማዶ የሱዳን መንግሥት ጦርና የደቡቡ ታጋዮች ሲዋጉ ነው። «ለጊዜው» ተባለ። ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. የሱዳን የሰላም ስምምነት ተፈረመና በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ነገሩ አበቃ ሲባል በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ በብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ፈነዳ፤ ሕዝቡ በኩርሙክ በኩል ጎረፈ። ሸርቆሌ እንደገና ሞላ፤ በ2004 ቶንጎና ባምባሲ፣ በ2007 ጾሬ ተጨመሩ። ከኮንጎ፣ ከቡሩንዲና ከሩዋንዳ የመጡ ሰዎችም ሸርቆሌ ውስጥ ገቡ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ሁለት ጄኔራሎች ሲጣሉ ኩርሙክ እንደገና በሰው ተጥለቀለቀች፤ በ2016 ኡራ የሚባል አዲስ ጣቢያ ተከፈተ። አንባቢ ሆይ፤ ይህ ሁሉ «ለጊዜው» ነው። ጣቢያው ሲከፈት የተወለደ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው።

* * *

እስቲ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡትን ሦስት ወገኖች በየተራ እንስማቸው። ሦስቱም «እኔ ተበድያለሁ» ይላሉ። ሦስቱም እውነታቸውን ነው።

ከባለሀገሩ እንጀምር። የበርታ ሕዝብ በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር ወደ ቤንሻንጉል እስኪዘምት ድረስ በራሱ ሸሆች ይተዳደር ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1894፣ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር የድንበር ውል ተፈራረሙ፤ መስመሩ በዚሁ ሕዝብ መካከል አለፈ። ኩርሙክ ዛሬም በአንድ ስም በሁለት ሀገር ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ በ2003 ከማዶ ከመጡት ውስጥ እንደ ኡዱክና ኢንገሳና ያሉ ሌሎች ሕዝቦች እንደነበሩ ሁሉ፣ ቋንቋውም ሃይማኖቱም ከተቀባዩ ጋር አንድ የሆነ በርታም ነበረበት። ለእነዚህ ሰዎች «ስደተኛ» እና «ተቀባይ» የሚሉት ቃላት ውሉን ከፈረሙት የመጡ ናቸው። በዚህ ላይ ያ ምድር ለብዙ ዘመን ባሪያ የሚፈነገልበት ምድር ነበር። ከደጋው በመጣ ሰው ዘንድ የቆዳው ቀለም ስድብ ሆኖ የኖረበት ሕዝብ ነው። ይህ ተረስቷል ብሎ የሚያስብ ካለ አሶሳ ሄዶ አንድ ሳምንት ይቀመጥ።

በኋላ የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሎ ጻፈ። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 784,345 ሲሆን፣ በርታ ከመቶ 26 ገደማ፣ አማራ 21፣ ጉሙዝ 21፣ ኦሮሞ 13፣ ሺናሻ 8 ያህል ሆኖ ተገኘ። ማኦና ኮሞ አንድ ላይ ተደምረው ከመቶ ሦስት አካባቢ ናቸው። ባለቤት የተባለው ሰው እንግዲህ ይህን ቁጥር እያየ ነው ስለ ስደተኛ ቁጥር የሚሰማው። «ወረቀቱ የእኔ ነው፤ ምድሩስ?» ይላል። ይህን ሥጋት አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ «ጎሰኝነት ነው» ብሎ መዝጋት ይቻላል፤ ቀላል ነው። ነገር ግን የማገዶው ዛፍ ያለቀው አዲስ አበባ አይደለም።

ሁለተኛው ወገን ሰፋሪው ነው። በ1977ቱ ረሀብ ጊዜ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ያነሣው ሕዝብ በመላ ሀገሪቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነበር። ከዚያ ውስጥ በርካታው አሶሳ ዙሪያና መተከል ተራገፈ፤ በፈቃዱ የመጣ እንዳለ ሁሉ በግድ መኪና ላይ የተጫነም ነበር። ወባው ፈጀው፤ የተረፈው መሬቱን አቀና። ልጆቹ እዚያ ተወለዱ፤ ወሎን የሚያውቁት በአባታቸው ወሬ ነው። በ1992ቱ ምርጫ አሶሳ ዞን ውስጥ የዚህ ወገን ተወላጆች ለመወዳደር ሲነሡ የበርታን ቋንቋ አታውቁም ተብለው ከዕጩነት ተሰረዙ። ጉዳዩ ዙሮ ዙሮ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱ በመጋቢት 1995 ዓ.ም. ውሳኔ ሰጠ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ዕጩው ይህን ማወቁ ይበቃዋል የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። በወረቀት ላይ ሰፋሪው አሸነፈ። የበርታው ሽማግሌ ደግሞ በገዛ ሀገሩ ቋንቋው ለምርጫ የማያስፈልግ ሆኖ አገኘው። አንዱ መብቱን ሲያገኝ ሌላው እንደ ሽንፈት ቆጠረው፤ ሁለቱን አቀራርቦ «አሁን እንዴት እንኑር?» ያላቸው ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም።

ሦስተኛው ስደተኛው ነው። በእኛ አፍ ስደተኛው «በነጻ የሚበላ» ሰው ነው። ሒሳቡን እንየው። በሰኔ 2014 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ አለቀብኝ ብሎ በኢትዮጵያ የ750 ሺህ ስደተኞችን ራሽን በግማሽ ቀነሰ። በሰኔ 2015 ደግሞ ርዳታው እየተዘረፈ ነው ተብሎ ማከፋፈሉ ጭራሽ ቆመ፤ የተጀመረው በ2016 መግቢያ ነው። እህሉ ከተቀባዩ እጅ ሳይደርስ ተወሰደ ተብሎ ሲያበቃ በረሀብ የተቀጣው ተቀባዩ ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛው መሥራት፣ መንቀሳቀስ፣ ባንክ ሒሳብ መክፈት ይችላል ይላል፤ ሲታወጅ በዓለም ደረጃ ተጨብጭቦለታል። ሸርቆሌ ያለው ሰው ግን ይህን ሕግ የሚያውቀው መኪና ይዘው በሚመጡ ሰዎች ወሬ ነው። ምን ይሥራ? መሬት የለውም። ያለው ጉልበቱ ነው፤ እሱን በርካሽ ይሸጣል። በርካሽ ሲሸጥ የሰፋሪውና የበርታው ልጅ የቀን ሥራ ዋጋ ይወድቃል። ራሽኑ ሲቀንስ ጫካ ይገባል፤ እንጨት ሸጦ ጨው ይገዛል። እንግዲህ የማገዶው ነገር ከሮም ተነሥቶ ሸርቆሌ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ሁለቱ ሴቶች ጫካ ውስጥ ገመድ ለገመድ የተናነቁት አንድም መቻቻል ስለማያውቁ አይደለም።

* * *

አሁን ወደ እኛ ወደ ከተሜዎቹ ልምጣ። ይህን መጽሔት የምናነብ ሰዎች ስለ ስደት የምናለቅሰው መርጠን ነው።

በ2005 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ውስጥ ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ካማሺ ዞን በሺህ የሚቆጠሩ አማርኛ ተናጋሪ ገበሬዎች «ሀገራችሁ ግቡ» ተብለው ተባረሩ። ሕፃናት አዝለው ፍኖተ ሰላም ሜዳ ላይ ፈሰሱ። ጥቂት ጋዜጦች ጮኹ፤ የክልሉ መንግሥትም ስህተት መሆኑን አምኖ ተመለሱ አለ። በስህተቱ ስለጠፋው ጎተራና ከብት ግን ብዙ አልተወራም። ከሰባትና ከስምንት ወር በኋላ፣ በኅዳር 2006፣ ሳውዲ ዐረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ኢትዮጵያውያን ማባረር ጀመረች። ተደበደቡ፣ ታሰሩ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። ያኔ አዲስ አበባ አለቀሰች፤ ዋሽንግተንና ለንደን ያለው ወገናችን ኤምባሲ ፊት ቆሞ ጮኸ። ልክ ነበር። «ሰው ሠርቶ በሚኖርበት ምድር እንዴት እንደ ዕቃ ተጭኖ ይወጣል?» አልን። ጥያቄው ግን ከስምንት ወር በፊት ፍኖተ ሰላም ላይ ተጥሎ ነበር፤ አላነሣነውም።

በተቃራኒው በኩል ያለውም ከዚህ አይሻልም። የካማሺን መፈናቀል ያለቀሰ ሰው ከዚያው ክልል በ2013 ስለተሰደደው ጉሙዝ ሲነሣ ዝም ይላል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰዎች በእንቅልፋቸው ተጨፈጨፉ፤ ይህን ማንም ሊያስተባብል አይችልም። በዚያው ዓመት ደግሞ ሰባት ሺህ ያህል ሰው፣ አብዛኛው ጉሙዝ፣ ከመተከል ሸሽቶ ብሉ ናይል ገባ። ልብ በሉ፤ ብሉ ናይል ማለት ሸርቆሌ የሚገኘው ሕዝብ የሸሸው ምድር ነው። እኛ የእነሱን ስደተኛ ስናስተናግድ እነሱ የእኛን ያስተናግዱ ነበር። በዚያው ዓመት ከትግራይ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ሱዳን ሲገባ ኡም ራኩባ የተባለው ጣቢያ እንደገና ተከፈተ፤ በ1977ቱ ረሀብ ጊዜም ያስጠለለን ያው ኡም ራኩባ ነው። «እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን» ስንል እንግዳም ሆነን መኖራችንን ለምን እንረሳዋለን?

አልቃሻነታችን በወገን የተከፋፈለ ስለሆነ ምክክራችንም የተከፋፈለ ነው። አንዱ «የሰፋሪው መብት» የሚል ባንዲራ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው «የነባሩ ባለቤትነት» የሚል። ስደተኛው ባንዲራ የለውም፤ የሚናገርለት ሰው በዶላር የሚከፈለው ስለሆነ ማንም አያምነውም። የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 ሲቋቋም ሁለቱ ዜጎች ቢያንስ በሕግ ወንበር ተዘርግቶላቸዋል፤ ሦስተኛው ዜጋ ስላልሆነ በር ላይ ነው። ጫካው ግን ዜግነት አይጠይቅም፤ ሦስቱም አንድ ዛፍ ይቆርጣሉ።

* * *

«ቁስል መነካካት ምን ይጠቅማል? ማገዶ፣ መሬት፣ ምርጫ እያላችሁ ስታነሡ እሳት ትለኩሳላችሁ» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለምና በቀላሉ አላልፈውም። ነገሩ በእርግጥ ያስፈራል። በመስከረም 2011 የክልሉ ባለሥልጣናት መንገድ ላይ መገደላቸው ካማሺን በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ምን እንደለወጣት፣ ስንት አሥር ሺህ ሰው እንዳፈናቀለ አይተናል። በ2014 በታኅሣሥና በጥር የታጠቁ ኃይሎች ውጊያ ቶንጎና ጉሬ ሸምቦላ ጣቢያዎች ድረስ ሲመጣ ከ20 ሺህ በላይ ስደተኞች፣ አንድ ጊዜ ተሰደው የመጡ ሰዎች፣ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደዱ። እንዲህ ባለ ምድር ላይ ያልታሰበበት ቃል ሊገድል ይችላል።

ነገር ግን ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ መተከልም ካማሺም ከመቃጠላቸው በፊት የሰላም ኮንፈረንስ ብርቅ ነበር እንዴ? ጨርቁ ተሰቅሏል፤ ነጃሺ ተተርኳል፤ በሬ ታርዷል። የጠፋው ስብሰባ አልነበረም። የጠፋው ሰው የሚያብሰለስለውን ነገር በአዳራሹ ውስጥ ተናግሮ በሰላም ወደ ቤቱ የሚገባበት ስብሰባ ነው። ሁለተኛ፣ አዳራሹ ውስጥ ያልተነገረው ነገር የት ሄደ? አልጠፋም። ገበያ ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ ወርቅ የሚታጠብበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ፣ በየቋንቋው ለየወገኑ ብቻ ይነገራል። እዚያ የሚመልስለት የለም፤ እየተጋነነ ያድጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ደግሞ የታማሚውን አፍ በአበል ነው የምንዘጋው።

በሌላው ዓለም የሆነውን ያየ ሰውም ይህን ይገነዘባል። በ2007 ዓ.ም. ክረምትና በ2008 መግቢያ ከአንድ ሚሊዮን ያላነሰ ሰው አውሮፓ ሲገባ፣ ብዙ ከተሞች በጭብጨባ ተቀበሉት። ጭብጨባው ሲበርድ ግን ቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ወንበር የሚያሳስበውን ሠራተኛ «ዘረኛ» እያሉ አሳፈሩት፤ አፍሮም ዝም አለ። ድምፁን ግን በኋላ በምርጫ ሣጥን ውስጥ ለሚጮኹለት ሰዎች ሰጠ። እዚያ ያለው ሣጥን ነው። እኛ ጋ ሣጥኑ ባለመታመኑ ቅሬታው የሚሄድበት ሌላ ቦታ አለ፤ የት እንደሆነ ከላይ ጽፌዋለሁ።

* * *

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚለኝ አንባቢ ትልቅ ዕቅድ የለኝም። ጥቂት ትንንሽ ነገሮች ግን አሉኝ።

ምክክሩ ስም ይኑረው። «አብሮነት» ስም አይደለም። «ከጣቢያው በስተሰሜን ያለው ጫካ» ስም ነው፤ «የውሃው ቦኖ ሰልፍ» ስም ነው፤ «የቀን ሥራ ዋጋ» ስም ነው። ስም ባለው ነገር ላይ ሰዎች ፖለቲካቸው እንደተለያየ መነጋገር ይችላሉ። የክልሉ ባለቤት እኔ ነኝ የሚለው በርታና ዜጋ ነኝ መብቴን ስጡኝ የሚለው ሰፋሪ በሕገ መንግሥቱ ላይ ሊስማሙ አይችሉ ይሆናል፤ ምናልባትም ከነልዩነታቸው ይሞታሉ። ሴቶቻቸው በየትኛው ቀን የትኛውን ጫካ እንደሚጠቀሙ ግን ሊስማሙ ይችላሉ። ስደተኛዋም እዚያ ውል ውስጥ ትገባለች፤ ሕግ ስለፈቀደላት ብቻ ሳይሆን እሷ የሌለችበት ውል ጫካውን ስለማያድነው።

ልዩነቱ አይደበቅ። «ፖለቲካ አታንሡ» የሚባልበት ምክክር ሰውን የሚያስዋሽ ምክክር ነው። ሰውየው ተነሥቶ «እኔ እነዚህ ሰዎች ወደ ሀገራቸው እንዲመለሱ ነው የምፈልገው» ቢል አይቆረጥበት፤ ይስማ፤ ከዚያ ከፊቱ የተቀመጠችው ሴት ትመልስለት። «እኔም እሱን ነው የምፈልገው» ልትለው ትችላለች። በጣቢያው ውስጥ ያነጋገርኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይህንኑ ነው ያሉኝ። ሁለቱ ሰዎች በትልቁ ጥያቄ ላይ አንድ አሳብ እንዳላቸው ሳያውቁ ስንት ዓመት ተኮራርፈው ኖሩ!

ቋንቋው የሰዎቹ ይሁን። በዚያ አዳራሽ ውስጥ አስተርጓሚው ልጅ የሴትዮዋን ረጅም ንግግር በሁለት ዐረፍተ ነገር ቋጭቶት ነበር፤ ቀሪውን ያገኘሁት ከስብሰባው በኋላ ለብቻ ጠይቄው ነው። ሰው ገመድ መቀማቱን በሕዝብ ፊት ተናዝዞ ኑዛዜው በትርጉም ከተጣለ ምክክር አልተደረገም። በአማርኛ የሚጀምር፣ በአማርኛ የሚያልቅ፣ በርታና ዐረብኛ ተናጋሪው የሚያጨበጭብበት ስብሰባ ለሪፖርት እንጂ ለሰው አይሆንም።

አበሉ ይቅር፤ ቃለ ጉባኤው ይምጣ። ለመነጋገር የሚከፈለው ሰው ክፍያው ሲቆም ንግግሩ ይቆማል። ይልቅስ ባለፈው ምን ቃል ተገባ፣ ማን ገባው፣ ምን ተፈጸመ የሚለው ይጻፍና ቀጣዩ ስብሰባ ሲከፈት በሦስቱም ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ነጃሺ ይቆየን። ቆጣቢ ምድጃ ይታደላል ተብሎ ስንት ቤት ደረሰ? ጣቢያው ውስጥ ያለው ጤና ጣቢያ የመንደሩን ሰው ያክማል፤ ይህ መልካም ነገር ነው፤ በአዳራሹ ግን ማንም አላነሣውም። በጎውም እንደ ክፉው ስም ይጠራለት። ሰው የሚያገኘውንም የሚያጣውንም በቁጥር ሲያውቀው ሐሜት ይቀንሳል።

የመጨረሻው ለእኛ ነው፤ ለምንጽፈውና ለምናነበው። «መጤ» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣው አልልም፤ በትእዛዝ ቃል ከአፍ አይወጣም። ቢያንስ ስንጠቀምበት ዓመተ ምሕረት እንጨምርበት። መቼ የመጣ? በ1890 ከጦር ጋር የመጣው? በ1977 በመኪና የተራገፈው? በ1989 በእግሩ የተሻገረው? ወይስ ትናንት በሥራ ዝውውር ከአዲስ አበባ አሶሳ የገባው ባለሙያ? ዓመቱን ስንጨምርበት ቃሉ ስድብነቱ ይቀንስና ታሪክ ይሆናል፤ በታሪክ ላይ ደግሞ መከራከር ይቻላል።

* * *

ከስብሰባው በኋላ ሴትዮዋን ፈልጌ አገኘኋቸው። ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ አበላቸውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረዋል። ያ አስተርጓሚ ልጅ አብሮኝ ነበር። «ደግመው ቢጠሩዎት ይመጣሉ?» አልኳቸው። «ብሩን ስለሚሰጡን እመጣለሁ» አሉ ሳይሸሽጉ። «ጥያቄውን ግን ደግሜ አልጠይቅም። አንድ ጊዜ ጠየቅሁ።»

ጥቂት እንደ ማሰብ አሉና ራሳቸው ጠየቁኝ። «ያቺን ልጅ፣ የጠቆምኳትን፣ አይተሃታል?» አየኋት አልኳቸው። «እኔ ስናገር ምን አለች?» የሆነችውን ነገርኳቸው፤ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ከጎኗ ተቀምጦ ሲያንሾካሹክላት ራሷን በአዎንታ ትነቀንቅ ነበር። ሴትዮዋ ዝም አሉ። ከዚያ ልጁን አንድ ነገር ብለውት ተነሥተው ሄዱ። ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁት።

«ቤቷ የት እንደሆነ ጠይቅልኝ፤ ገመዷ እኔ ጋ ነው አሉ» አለኝ።